አንድ ኬሻ ገብስ

ዛሬ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ታኅሣሥ ነው። ሽሮ ሜዳ ደግሞ እንጦጦ እግር ስር ስለሆነ ከሌላው ሰፈር ይብሳል። ጋቢዬን ጃኬቴ ላይ ደርቤ ታክሲ ልጠብቅ ሰልፍ ያዝኩ። መኪና የለም። ሰው እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይንቀጠቀጣል። ከፊቴ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ዞር አሉና "ይሄ ዓለም ሞቀ የሚሉት ነገር እኛ ሰፈር ሳይደርስ ቀረ እንዴ?" አሉ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሚኒባስ እስኪመጣ ወሬው በዚያው ቀጠለ። አንዷ ኦዞኑ ተቀዶ ነው አለች። አንዱ ፈረንጆች አየሩን በማሽን እያዛቡት ነው አለ። ሌላው ይህን ሁሉ ችግኝ ተክለን መች ይሞቃል ብሎ ተከራከረ። ረዳቱ "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" ሲል ሁሉም ወደ በሩ ተጋፋ፤ ወሬውም እዚያው ቀረ።

መስኮት ጥግ ተቀመጥኩ። መሳቄ ግን ከነከነኝ። የሽማግሌው ጥያቄ ሊሳቅበት የሚገባ አልነበረም፤ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ እሳቸውም እኔም ትከሻ ላይ ነበር።

ጋቢ እሳት የለውም። የሚያሞቀን የራሳችን ገላ ነው፤ ጋቢው ሙቀቱ እንዳይሄድ ይይዝልናል እንጂ። ደመና ለምድር እንደዚያ ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ ስለሚሸፈን ቀኑ ቢቀዘቅዝም ሌሊቱ እንዲህ አይከፋም። ታኅሣሥ ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል። ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ትለቀዋለች፤ የሚይዝላት የለም። ለዚህ ነው ማለዳ ውርጭ የሚሆነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውም ጋዝ ሥራው ይኸው የጋቢ ሥራ ነው። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት በአየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 280 ያህሉን ይይዝ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ጋቢው ወፈረ። ወፍራም ጋቢ የለበሰ ሰው ግን ብርድ የሚባል ነገር አያገኘውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. 2024 በመሣሪያ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከነበሩት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር፤ ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። በዚያው ዓመትም ሽሮ ሜዳ ላይ ታኅሣሥ መጥቷል፤ እኛም ተንቀጥቅጠናል።

ኦዞን ያለችዋን ሴት ልፈርድባት አልችልም። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማምነው። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ምድርን ክብ አድርጎ ሳላት፤ ዙሪያዋን መስመር አሰመረላት፤ መስመሩን አንድ ቦታ ላይ በዳስተር ጠረገና "በዚህ ነው ፀሐይ የምትገባው፤ ለዚህ ነው የሚሞቀው" አለን። በጣም ጥሩ ሥዕል ነበር። ጥሩ ስለሆነ ነው ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው። ኦዞን ሳስቶ እንደነበር እውነት ነው። ያሳሱት ማቀዝቀዣና ሽቶ መንፊያ ውስጥ የነበሩ ኬሚካሎች ናቸው፤ ጉዳቱም ቆዳና ዓይን የሚያቃጥለው ጨረር በብዛት ማለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ አገሮች ተስማሙና ኬሚካሎቹን መተው ጀመሩ። አሁን እየዳነ ነው። ሙቀቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ስናስበው ግን የኦዞኑ ታሪክ ሰው ከተስማማ የሰማይን ነገር እንኳ ማስተካከል እንደሚችል የሚያሳይ ነበር። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ቀዳዳው ብቻ ነው።

"ፈረንጆች በማሽን" ያለው ሰውዬም ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። የሚያስበው ዓይነት ምስጢራዊ ማሽን የለም። ማሽኑ ግን በአደባባይ ያለ ነው። የድንጋይ ከሰል የሚበላ ፋብሪካ፣ ነዳጅ የሚጠጣ መኪና፣ በጋዝ የሚሞቅ ቤት ነው። አንድ አሜሪካዊ በዓመት በአማካይ 14 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የአንድ ኢትዮጵያዊ ከ0.2 ቶን በታች ነው። ሰውዬው የበደሉን ምንጭ በደመ ነፍስ አውቆታል፤ አሠራሩን ነው የሳተው።

ስለ ችግኙም ቢሆን ዝም ብዬ ልንቀው አልፈልግም። እኔ ራሴ ባለፈው ሐምሌ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ሄጄ ተክያለሁ። እጄ ጭቃ ሆኖ የተነሳሁት ፎቶ አለ። ከዚያ ወዲህ ሄጄ አላየሁትም፤ ይኑር ይድረቅ አላውቅም። ይህ ያሳፍረኛል። ዛፍ አፈር ይይዛል፤ ምንጭ ይጠብቃል፤ ጥላ ነው። ግን በሚሊዮን ዓመታት መሬት ውስጥ የተቀበረን ከሰል በመቶ ሃምሳ ዓመት አውጥተው ያነደዱትን፣ የእኔ አንድ ችግኝ ከፍሎ አይጨርሰውም። በዚያ ላይ ውኃ ያጠጣው ያለም አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ አራት ኪሎ ደረስን። ልወርድ ስል ስልኬ ጠራ። እማዬ ናት።

እማዬ በጠዋት አትደውልም። ካርድ እንዳያልቅባት ሚስኮል አድርጋ ትዘጋለች፤ እኔ ነኝ የምደውለው። ዛሬ ግን አልዘጋችም። ደነገጥኩ። ደህና ናት። ሁሉም ደህና ነው። ታናሼም ደህና ነው። "አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው" አለች።

መንዝን የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ከመኸሩ ይልቅ በልጉ ነው የሚጠበቀው። ክረምቱ ውኃ ይተኛበታል፤ ውርጩም አለ። ስለዚህ ጥርና የካቲት ላይ ገብስ ይዘራል፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል። በልጉ ከቀረ ቤቱ ጎደለ ማለት ነው። እሱ ደግሞ አንዴ ቀድሞ ይመጣና ዘሩ ከበቀለ በኋላ ይጠፋል፤ አንዴ ዘግይቶ ይመጣና እሸቱን ክረምት ይደርስበታል። እማዬ ስለዚህ ስታወራ እንደ ሰው ነው የምታወራው። "በልግ እኮ ጠባዩ ተለወጠ" ትላለች። "ድሮ ቡሄ ካለ የለም ክረምት ነበር። አሁን ሲያሻው እስከ መስቀል ያንባርቃል።"

ጎረቤታችን ደግሞ ደስተኛ ነው። ድሮ ገብስ ብቻ ይበቅልበት የነበረው ማሳው አሁን ስንዴ ያበቅልለታል። "ሙቀቱስ ለደጋ ሰው በጀው" ይላል። እውነቱን ነው፤ ለጊዜው። ዳገት ስንወጣ በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ አየሩ አንድ ዲግሪ ሞቀ ማለት ቆላው 150 ሜትር ያህል ወደ ላይ ተራመደ እንደማለት ነው። ስንዴው ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ተባዩም ዋጉም ቢንቢውም ይወጣል። ሞቅ ባለ ዓመት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚሳብ በጥናት ታይቷል። ከታች ያለው ወደ ላይ ይሸሻል። መንዝ አናት ላይ ባለው ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮስ? ከጓሳ በላይ የት ይሄዳል? ከሱ በላይ ሰማይ ነው።

እማዬ ግን የጠየቀችኝ ይህን አይደለም። መጀመሪያ፣ በልጉ በቀረ ጊዜ ምህላ ተይዞ እንደነበር ነገረችኝ። ሦስት ቀን። ቀጠለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማት እንደምትፈራ ሁሉ "እኔም እኮ አለሁበት" አለች።

"ምን አለሽበት?"

"ያን ጊዜ የሚካኤል ዕለት ኩበት ጠፍጥፌያለሁ። ቀኑን ረስቼው ነው።"

መንገዱ ዳር ቆምኩ። ሰው እየገፋኝ ያልፋል። እናቴ በልጉ የቀረው እሷ የሚካኤል ዕለት ኩበት ስለጠፈጠፈች ይመስላታል። ብቻዋን፣ ስንት ወር፣ ይህን ይዛ ከርማለች።

ይባስ ብሎ ሌላም ነገር ጨመረችልኝ። በአንድ ስብሰባ ላይ የመጣ ሰው አየሩ የተበላሸው ገበሬ ዛፍ ስለሚቆርጥና ኩበት ስለሚያነድ ነው ብሎ አስተምሯቸዋል። እሷም ሁለቱን አገናኘቻቸው። ኩበቱን በመጥፈጥፏ አንድ በደል፣ በማንደዷ ሌላ በደል። ካህኑ ኃጢአት ነው ሲሉ ነበር፤ የተማረው ሰው መጥቶ በሳይንስ አጸናው። መንዝ እንኳን የሚቆረጥ ዛፍ፣ የሚጠለሉበት ጥላ ከስንት አንድ ነው። ኩበት የምታነደው ሌላ ስለሌላት ነው። ጭሱ ዓይኗን አቃጥሏታል፤ ሳንባዋንም እንደጎዳ አውቃለሁ። ደግሞ የዛፍ መመንጠር መሬታችንን እንደጎዳ አልክድም፤ አፈሩ ታጥቦ ሲሄድ አይቻለሁ። የዓለምን አየር ያሞቀው ግን የእናቴ ምድጃ አይደለም። ኩበቱ እኮ በሬው የበላው ሣር ነው፤ ሣሩም ያን ካርቦን ከአየር የወሰደው አምናና ካቻምና ነው።

"እማዬ፣ በአንቺ ኃጢአት አይደለም" አልኳት። "ሌሎች ናቸው። ባሕር ማዶ ያሉ። ፋብሪካው፣ ነዳጁ..."

ዝም አለች። ቆይታ "ታዲያ እነሱ ንስሐ አይገቡም?" አለችኝ።

ምን ልበላት? በየዓመቱ ይሰበሰባሉ ልበላት? እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ ተስማምተዋል፣ ጋዙ ግን ዛሬም እየጨመረ ነው ልበላት? ከእሷ ማብራሪያ የእኔ ይሻላል ብዬ አስቤ ነበር። እውነት ስለሆነ ይሻላል። ግን በእሷ ማብራሪያ ውስጥ ልታደርገው የምትችለው ነገር አለ፤ ትጾማለች፣ ትሰግዳለች፣ ትናዘዛለች። በእኔ ማብራሪያ ውስጥ ያላት ድርሻ መቀበል ብቻ ነው። ጥፋቱን ከትከሻዋ አወረድኩላት ስል ተስፋዋንም አብሬ እንዳላወርድባት ፈራሁ።

ደግሞ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ሆኜ ልነግራት የምችለው ትንሽ ነው። ምድር መሞቋንና ያሞቃት ሰው መሆኑን እነግራታለሁ። የበልግ ነገር ግን ከዚያ ይረቅቃል። የሚያጠኑት ሰዎች ከሕንድና ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ውኃ መሞቅና መቀዝቀዝ ጋር ያያይዙታል፤ ኤልኒኞ የሚሉት አለ፤ ድሮም ክፉ ዓመት ነበር። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞው ድርቅ ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገን እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። በ77 ደግሞ ምን እንደሆነ እማዬ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ሁሉን ነገር ለዓለም ሙቀት መስጠትም ስህተት ነው። አንድ ወዳጄ የሐረማያ ሐይቅ የደረቀው በዚሁ ሙቀት ነው ብሎ ድርቅ ይልብኛል። ሐይቁን ግን በዋናነት ያደረቀው ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ የተሳበው፣ ለከተማም የተወሰደው ውኃ፣ ከተራራው ታጥቦ የገባውም ደለል ነበር። የራሳችንን ጥፋት ሰማይ ላይ መስቀል አለ። እማዬ የምታደርገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው፤ የሌላውን ጥፋት ራሷ ላይ ትጭናለች። ሁለተኛው ነው እኔን የሚያመኝ።

ከዚያ የደወለችበትን ነገር ነገረችኝ።

ጎታው ጎን አንድ ኬሻ ገብስ አስቀምጣለች። ለበልግ ዘር ነው። ለቀለብ ያስቀመጡት እያለቀ ነው። ታናሼ ጥር ላይ እንዝራው ይላል። ጎረቤቶች በልጉ ከቀረ ዘሩም ይቀልጣል፣ ይልቅ ፈጭታችሁ ብሉት ይላሉ። "አንተ የተማርክ ነህ" አለች። "ንገረኝ። ዘንድሮ ይዘንባል አይዘንብም?"

ጠዋት ሽማግሌው ሲጠይቁ መልሱ ትከሻዬ ላይ ነበር። ይኸኛው የለኝም። የሠላሳና የአርባ ዓመት ሙቀት ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው እውቀት የመጪውን የካቲት ዝናብ ቁርጡን አይነግረኝም። የሚቲዮሮሎጂ ሰዎች የበልጉን ትንበያ ያወጣሉ፤ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል፣ መደበኛ የመሆኑ ይህን ያህል፣ ከመደበኛ በታች የመሆኑ ይህን ያህል ይላሉ። ጥሩ ሥራ ነው። እማዬ ያላት ግን አንድ ኬሻ ነው። አንድ ኬሻ በሦስት ዕድል አይከፈልም። ወይ ይዘራል ወይ ይፈጫል።

"ትንበያው እስኪወጣ ጠብቂ፤ እኔም ጠይቄ እደውላለሁ" አልኳት።

"እሺ ልጄ። ብቻ እንዳትቆይ። ጥር እኮ ቅርብ ነው" ብላ ዘጋች።

አሁን ማታ ነው። ብርዱ ተመልሶ መጥቷል፤ ጋቢዬን ለብሼ ነው የምጽፈው። ለእህል የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ልልክላትና ዘሩን ዝሩት ልላቸው አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ በልጉ ቢቀርስ አልኩ። "ልጄ ዝሩ ብሎን ነበር" ትላለች? ወይስ ለእኔ ብላ ሌላ ኃጢአት ፈልጋ ራሷ ላይ ታገኛለች?