የማክሰኞ ማታ ፓስታ፣ በአንድ ድስት

የዛሬው የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። ማታ ልጆቹ ፓስታ አሉ። ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም፤ ሥጋውም ወተቱም ዛሬ ማለቅ ነበረበት። ከሥራ ስመለስ ሶሴጅ ገዝቼ ገባሁ።

መጀመሪያ ሶሴጁን ቆራርጬ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ጠበስኩ። እባካችሁ ይቺን አትዝለሏት! ድስቱ ሥር የሚይዘው ነው በኋላ መረቁን የሚያጣፍጠው። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ የደጋ ጦስኝ አስከተልኩ። ከዚያ ፓስታው ጥሬውን ከነውሃው ገባ። ውሃው አይደፋም፤ ከፓስታው የሚወጣው ስታርች ነው የሚያወፍረው።

የእኛ አገር ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ አይበቃም። ጊዜም ውሃም ጨመር አድርጉ፣ እየቀመሳችሁ።

የታሸገ ክሬም አያስፈልገኝም፣ የወተት አገር ላይ ሆኜ! የጠዋቱን ወተት አፍልቼ ስልባቦቱን አስቀምጬ ነበር። እንዳይቋጠር እሳቱን አጥፍቼ፣ ከትንሽ ወተት ጋር መትቼ ጨመርኩት። ፓስታው ላይ ልብስብስ አለ፣ ሲያበራ ደስ ይላል።

ባለቤቴ ሚጥሚጣ ነስንሶ በላ። ትንሿ ልጄ ድስቱን በዳቦ ጠረገችው። ሐሙስ ደግሞ ጎመን ከትፌ ልጨምርበት ነው።