የማይለቀው መሸጎጫ፦ የአንድ አስተናጋጅ ሰርቨር የማህደረ ትውስታ ሒሳብ

ሒሳቡ አልገጠመም። ሰርቨሩ 256 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ (ራም) አለው። በላዩ ለሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በሶፍትዌር ለተፈጠሩት እንግዳ ኮምፒውተሮች፣ የተመደበው ሁሉ ቢደመር 168 ጊጋባይት ነው። አስተናጋጁ ሊኑክስና አብረውት የሚሠሩት አገልግሎቶች ደግሞ ቢበዛ ቢበዛ 6 ጊጋባይት ይወስዳሉ። ስለዚህ 80 ጊጋባይት ያህል ትርፍ መኖር ነበረበት። የክትትል ሥርዓቱ ግን ማህደረ ትውስታው 99 በመቶ ተይዟል እያለ ሌሊቱን በሙሉ ማስጠንቀቂያ ይልክ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የሁለት ማሽኖች ተጠቃሚዎች ሥራው እንደሚንቀራፈፍባቸው ያማርሩ ነበር።

ማስጠንቀቂያውንና መንቀራፈፉን መጀመሪያውኑ ለየብቻ ያዝኳቸው። አንድ ላይ ስለመጡ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ ደግሞም ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ ተጨማሪ ራም ለመግዛት ጥያቄ ያቀርባል። ያ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ማስጠንቀቂያው ቀላሉ ነበር። ፍሪ የተባለው የማህደረ ትውስታ ይዞታ ማሳያ ትዕዛዝ ያሳየኝ፣ በሥራ ላይ ያለ 110፣ ባዶ 3፣ መሸጎጫ 143፣ ሊገኝ የሚችል 80 ጊጋባይት ነው። ሊኑክስ ከዲስክ ያነበበውን ወይም ወደ ዲስክ የሚጽፈውን የፋይል ገጽ (ገጽ ማህደረ ትውስታ የሚከፋፈልበት ትንሽ ቁራጭ ነው) ወዲያው አይጥለውም። ማንም የማይፈልገው ማህደረ ትውስታ እስካለ ድረስ እዚያው ያቆየዋል፣ መሸጎጫ የሚባለውም ይህ ነው፤ ፈላጊ ሲመጣ ይለቅለታል። ባዶ የሚለው ቁጥር 3 መሆኑ ስለዚህ የጤነኛ ሰርቨር ምልክት እንጂ የችግር ምልክት አይደለም። መታየት ያለበት "ሊገኝ የሚችል" የሚለው ነው፤ ይህ ቁጥር ከከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 3.14 ማለትም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከርነሉ የማህደረ ትውስታውን ሒሳብ በሚያሳይበት በሜምኢንፎ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የእኛ የክትትል ሥርዓት ግን ከጠቅላላው ላይ ባዶውን ብቻ ቀንሶ የቀረውን "የተያዘ" ይል ነበር። በዚህ ስሌት ከተጀመረ ጥቂት ቀን የሞላው ማንኛውም የሊኑክስ ሰርቨር 99 በመቶ የተያዘ ነው።

ብዙዎቹ ምክሮች እዚህ ላይ ያበቃሉ፦ መሸጎጫ ነው፣ ሲፈለግ ይለቃል፣ ተረጋጋ። እኔ ግን ቁጥሮቹን አንድ ጊዜ ደመርኳቸው። መሸጎጫው በሙሉ የሚለቅ ቢሆን ኖሮ ሊገኝ የሚችለው 143 ሲደመር 3፣ ወደ 146 ጊጋባይት መሆን ነበረበት። ከርነሉ ግን 80 ብቻ ነው የሚለው። ከርነሉ ለራሱ የሚያስቀምጠው ትንሽ መጠባበቂያ ቢታሰብም 66 ጊጋባይት የሚያህል ልዩነት አይፈጥርም። መሸጎጫ ተብሎ የተመዘገበ፣ ነገር ግን ከርነሉ ራሱ እንደሚለቅ የማይቆጥረው አንድ ትልቅ ነገር አለ ማለት ነው። ፍሪን የሚያይ ሰው ሁሉ ይህን ድምር ቢሠራ ጊዜውን አያባክንም፤ በአሥር ሰከንድ ያልቃል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ አዳዲሶቹ የፍሪ ስሪቶች "በሥራ ላይ ያለ" የሚለውን የሚያሰሉት ከጠቅላላው ላይ ሊገኝ የሚችለውን ቀንሰው ነው። በእነሱ ላይ አምዶቹ ተደምረው ከጠቅላላው ጋር አይመጣጠኑም፤ መሸጎጫንና ሊገኝ የሚችለውን ማነጻጸር ግን ያው ይሠራል።

ቀጥዬ ወደ ሜምኢንፎ ገባሁ። ፍሪ መሸጎጫ ብሎ በአንድ አምድ የሚያሳየው እዚህ ተከፋፍሎ ይገኛል። የተሸጎጡ ገጾች በሚለው መስመር 138 ጊጋባይት፣ ከርነሉ ለፋይል ስሞችና ለመሳሰሉት ከሚይዘው ውስጥ ሊለቀቅ የሚችለው 4፣ በፈር የሚባለው 1። ዝቅ ሲል ሽሜም የሚል መስመር አለ፣ የጋራ ማህደረ ትውስታ ማለት ነው፤ እሱ 64 ይላል። ይህ 64 ከላይ ባለው 138 ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል። ምክንያቱ የከርነሉ አሠራር ነው። የጋራ ማህደረ ትውስታ የሚተዳደረው ቲኤምፒኤፍኤስ በሚባለው በራም ላይ ብቻ በሚኖር የፋይል ሥርዓት በኩል ነው፤ ስለዚህ ገጾቹ እንደ ፋይል ገጽ ይመዘገባሉ። ከጀርባቸው ግን ዲስክ ላይ ያለ ቅጂ የላቸውም። የተለመደ የፋይል ገጽ ቢጣል ከዲስክ እንደገና ይነበባል፤ እነዚህ ቢጣሉ ግን ይጠፋሉ። ከርነሉ ሊያደርግባቸው የሚችለው ወደ ስዋፕ፣ ማለትም ከራም የወጣ ገጽ ወደሚቀመጥበት የዲስክ ቦታ፣ መግፋት ብቻ ነው።

ግምቴን ለማረጋገጥ ሰርቨሩ ጭነት በሌለበት ሰዓት መጀመሪያ ሲንክ ብዬ ያልተጻፈውን ሁሉ ወደ ዲስክ አስጻፍኩ፤ ከዚያ ድሮፕ ካሽስ ወደሚባለው የከርነል ፋይል 3 ቁጥርን ጻፍኩ። ይህ ንጹሕ የፋይል ገጾችንና የፋይል ስም መዝገቦችን ያስለቅቃል። መሸጎጫው ከ143 ወደ 66 ወረደና እዚያ ቆመ። ሽሜም አልተነቃነቀም። ይህን ትዕዛዝ በየሰዓቱ እንዲሠራ በክሮን (ትዕዛዝን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሳው አገልግሎት) የሚያስቀምጡ አስተዳዳሪዎች አጋጥመውኛል። ያተርፋሉ ብዬ አላምንም፤ የክትትሉን ግራፍ ያሳምሩና በቀጣዩ ደቂቃ ሁሉንም ንባብ ወደ ዲስክ ይልኩታል። ለምርመራ ግን ጥሩ መሣሪያ ነው፣ የሚለቀውን ከማይለቀው ይለያል።

የጋራ ማህደረ ትውስታው ባለቤት ማን ነው? መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቲኤምፒኤፍኤስ ላይ የተረሳ ትልቅ ፋይል ነበር፤ ለምሳሌ አንድ ሰው የመጫኛ ምስል ጊዜያዊው ማውጫ ውስጥ ጥሎ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የፋይል ሥርዓቶችን ይዞታ የሚያሳየው ዲኤፍ የተባለው ትዕዛዝ ሁሉም የቲኤምፒኤፍኤስ ቦታዎች ባዶ ሊባሉ የሚችሉ መሆናቸውን አሳየኝ። የተሰረዘ ነገር ግን አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) አሁንም ከፍቶ የያዘው ፋይል ቢሆንም ዲኤፍ ላይ ይታይ ነበር፤ በማውጫ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በሚደምረው ዲዩ ላይ ብቻ ነው የሚደበቀው። በቆየው የሲስተም ፋይቭ ስልት የተከፈተ የጋራ ማህደረ ትውስታን የሚዘረዝረው አይፒሲኤስም የረባ ነገር አላወጣም።

ቀሪው መንገድ ፕሮሰሶቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ነበር። ከርነሉ መረጃውን በፋይል መልክ በሚያቀርብበት ፕሮክ ሥር፣ በእያንዳንዱ ፕሮሰስ ማውጫ ውስጥ ስታተስ የሚባል ፋይል አለ። ከከርነል 4.5 ጀምሮ ፕሮሰሱ የያዘውን ራም በሦስት ይከፍለዋል፦ የራሱ ብቻ የሆነ፣ ከፋይል የመጣ፣ የጋራ የሆነ። በጋራው መጠን ደርድሬ ሳወጣቸው ሁለት የኪውኢሙ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ፕሮሰሶች ከላይ ቁጭ አሉ፤ እያንዳንዳቸው 32 ጊጋባይት ገደማ። የሌሎቹ ቨርቹዋል ማሽኖች ማህደረ ትውስታ በሙሉ "የራሱ ብቻ" በሚለው ሥር ነው። የሁለቱን ኤስማፕስ ፋይል፣ የፕሮሰሱን የማህደረ ትውስታ ክልሎች የሚዘረዝረውን፣ ስከፍት ትልቁ ክልል ሜምኤፍዲ የሚል ስም ይዟል፤ ከጎኑም በቅንፍ "ተሰርዟል" የሚል ተጽፏል። ይህ ቃል ያስደነግጣል፣ ግን ምንም አልተሰረዘም። ሜምኤፍዲ ከመነሻው በየትኛውም ማውጫ ውስጥ ስም ሳይኖረው የሚፈጠር የማህደረ ትውስታ ፋይል ስለሆነ ነው። ዲኤፍ ላይ ያልታየውም ለዚሁ ነው፤ የሚኖረው ከርነሉ ለራሱ በከፈተው፣ ከውጭ በማይታይ ቲኤምፒኤፍኤስ ላይ ነው።

እንግዲህ "መሸጎጫ" ብዬ ስመረምረው የነበረው ከግማሽ ትንሽ ያነሰው የሁለት እንግዳ ማሽኖች ራም ራሱ ነበር። ለምን ሁለቱ ብቻ? ቨርቹዋል ማሽኖቹ በሚተዳደሩበት በሊብቨርት ያለውን ቅንብራቸውን ሳይ ሁለቱም በቨርቲዮኤፍኤስ አማካይነት የአስተናጋጁን ማውጫ ይጋራሉ። በቨርቲዮኤፍኤስ ፋይሉን የሚያቀርበው ከኪውኢሙ ውጭ ያለ ሌላ ፕሮሰስ ነው፤ ያ ፕሮሰስ በእንግዳው ማህደረ ትውስታ ላይ በቀጥታ ማንበብና መጻፍ ስላለበት ማህደረ ትውስታው የጋራ ሆኖ መፈጠሩ ግዴታ ነው። ማንም ያጠፋ የለም። የተመደበው 168 ጊጋባይት ልክ ነበር፤ 104ቱ በአንድ አምድ፣ 64ቱ በሌላ አምድ መቆጠራቸው ነው ሒሳቡን ያዛባው። ጠዋት የሚያማርሩትም የእነዚሁ የሁለቱ ማሽኖች ተጠቃሚዎች ነበሩ።

የስዋፕን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ቪኤምስታትን ሌሊቱን ሙሉ በየጊዜው እንዲመዘግብ ትቼው ጠዋት ሳነበው ነገሩ ተገለጠ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ወደ ስዋፕ የሚወጣው ይበዛል፤ የሥራ ሰዓት ሲጀምር ደግሞ ከስዋፕ የሚመለሰው ያሻቅባል። በስዋፕ ውስጥ የተቀመጠ ነገር መኖሩ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ማንም የማይነካው ገጽ እዚያ ቢተኛ ይሻላል። ከስዋፕ መመለስ ሲበዛ ግን አንድ ሰው በዚያ ቅጽበት እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ሌሊት የሚገፋው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚወሰደው በዚያ ሰዓት ነው። ፊንኮር የተባለው ትንሽ መሣሪያ የአንድ ፋይል ስንት ገጽ በራም ውስጥ እንዳለ ይናገራል፤ ከዩቲል ሊኑክስ ጥቅል ጋር ስለሚመጣ አብዛኛውን ጊዜ ተጭኖ ይገኛል። በዲስክ ምስሎቹ፣ ማለትም የቨርቹዋል ማሽኖቹን ዲስኮች በያዙት ፋይሎች፣ ላይ ስሞክረው፣ ማንም ሌሊት የማይጠቀምባቸው ማሽኖች ምስሎች ሳይቀሩ በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ገጽ ራም ውስጥ አላቸው። ፕሮሰሶችን በቡድን ለይቶ በሚቆጥረው በሲግሩፕ በኩል ሲታይ ደግሞ የሲስተም ስላይስ (የአስተናጋጁ አገልግሎቶች ወላጅ ቡድን) የፋይል ድርሻ ትልቅ ሆኖ በሥሩ ያሉት አገልግሎቶች ቢደመሩ ግን ግማሹን አይሞሉም። የመጠባበቂያው አገልግሎት ሥራውን ጨርሶ ተዘግቷል፣ ያስገባቸው ገጾች ግን አብረውት አልወጡም፤ ስለዚህ በወላጁ ሒሳብ ላይ ይቆያሉ።

የመጠባበቂያው ፕሮግራም አንድ የሚያባብስ ጠባይ ነበረው፤ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ያነባል፣ አንዴ ፋይሉ አለመበላሸቱን የሚያሳየውን ድምር (ቼክሰም) ለማረጋገጥ፣ አንዴ ለመቅዳት። ከርነሉ አንድ ጊዜ ብቻ የተነበበን ገጽ ወረፋው መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ቶሎ ይጥለዋል። ሁለተኛ ጊዜ የተነካን ገጽ ግን ጠቃሚ ነው ብሎ ወደ ንቁዎቹ ያሳድገዋል። በአንጻሩ ሌሊት ሥራ የሌለው እንግዳ ማሽን ገጾቹ ያልተነኩ ናቸው። ስዋፒነስ (ከርነሉ ወደ ስዋፕ የመግፋት ዝንባሌውን የሚወስነው ቁጥር) በነባሪው 60 ላይ ነበርና ከርነሉ ባለው መረጃ ትክክል ነው ብሎ የእንግዶቹን ማህደረ ትውስታ ወደ ዲስክ አወጣ፣ ነገ የማይፈለጉትን የምስል ገጾች አቆየ።

መፍትሔው ሦስት ቦታ ነበር፣ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ትልቁን ለውጥ ያመጣው መጠባበቂያው መሸጎጫውን አልፎ በቀጥታ ከዲስክ እንዲያነብ ማድረጉ ነው። ፕሮግራሙ ለዚህ አማራጭ ነበረው። የሌለው ሰው ኪውኢሙ ኢሜጅ ሲቀይር የምንጩንም የመድረሻውንም የመሸጎጫ ስልት "የለም" ብሎ ማዘዝ ይችላል። ስዋፒነስን ወደ 10 ማውረዱ ትንሽ አገዘ። ሦስተኛው የቨርቹዋል ዲስኮቹ የመሸጎጫ ስልት ነው። አብዛኞቹ የአስተናጋጁን መሸጎጫ በሚጠቀመው ራይትባክ ላይ ነበሩ፤ በዚህ ስልት እንግዳው በራሱ ራም የሸጎጠውን አስተናጋጁም ይደግመዋል። ወደ "የለም" ስቀይራቸው አስተናጋጁ ድርሻውን ተወ። "የለም" የሚለው ስም ግን ያሳስታል፤ የሚቀረው የአስተናጋጁ የገጽ መሸጎጫ ብቻ ነው። የዲስኩ የራሱ የመጻፊያ መሸጎጫ ይቀጥላል፤ መረጃው ከመብራት መቋረጥ የሚጠበቀው እንግዳው በትክክል ፍላሽ፣ ማለትም በመሸጎጫ ያለው ወደ ዲስኩ እንዲጻፍ፣ ሲያዝ ነው።

ከእነዚህ ሦስቱ ሌላ፣ ለሁለቱ ባለ ቨርቲዮኤፍኤስ ማሽኖች ማህደረ ትውስታውን ወደ ሂዩጅ ፔጅ፣ ማለትም አስቀድመው ወደሚያዙ ትልልቅ ገጾች፣ አዛወርኩት። ሂዩጅ ፔጅም የጋራ መሆን ይችላል፣ ስለዚህ የማውጫ መጋራቱ አልተነካም። በተጨማሪም ወደ ስዋፕ አይወጣም፤ ከሽሜምም ወጥቶ በራሱ መስመር ይቆጠራል። ዋጋው አስቀድሞ መያዙ ነው፤ ማሽኑ ቢጠፋም የተያዘው 64 ጊጋባይት ለሌላ አይውልም። እነዚህ ሁለቱ ጨርሶ ስለማይጠፉ ተስማማኝ፤ ማሽን በሚበራ በሚጠፋበት ሰርቨር ላይ አላደርገውም ነበር።

ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት ለሚጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚያ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚገኘው። የዜድኤፍኤስ መሸጎጫ፣ ኤአርሲ የሚባለው፣ በሊኑክስ የገጽ መሸጎጫ ውስጥ አይቆጠርም፤ ፍሪ "በሥራ ላይ ያለ" በሚለው ውስጥ ይከተዋል። ለብዙ ዓመታት ነባሪው ጣሪያ የራሙ ግማሽ ነበርና ማሽኖቹ ትንሽ ሆነው ሰርቨሩ የሞላ ሲመስል መጀመሪያ የኤአርሲን መጠን የሚያሳየውን አርክስታትስ የሚለውን ፋይል ማየት ይገባል።

የክትትል ሥርዓቱ አሁን ማስጠንቀቂያ የሚልከው ሊገኝ የሚችለው ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ፣ ከስዋፕ መመለስ ለደቂቃዎች ሲቀጥል፣ ወይም ፕሮክ ሥር ፕሬሸር ውስጥ ያለው የማህደረ ትውስታ ፋይል ፕሮሰሶች ራም በመጠበቅ ጊዜ እያጠፉ እንደሆነ ሲያሳይ ነው። የመጨረሻው ከከርነል 4.20 ጀምሮ አለ፤ እንዲያው አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

አንድ ማሽን ራይትባክ ላይ ተውኩት። የተመደበለት ራም ትንሽ ነው፣ አንድ ዓይነት ፋይሎችን ደጋግሞ ያነባል፣ ዲስኩን ወደ "የለም" ስቀይረው በግልጽ ዘገየ። ራሙን ለመጨመር ማሽኑ መዘጋት አለበትና ባለቤቶቹ ቀን እስኪቆርጡ የአስተናጋጁን መሸጎጫ ይጠቀም።