ከጦስኙ ጋር የመጣው አፈር

ቅመማ ቅመም የሚያሽግ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የግዢ ሠራተኛ ሳለሁ ነው። ጦስኝ የምገዛው ጣርማበር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ውስጥ ከሚኖሩ ሰዎች ነበር። ለሳል፣ ለደም ግፊት እየተባለ ተፈልቶ የሚጠጣው፣ ሽሮና በርበሬ ውስጥ የሚገባው ይህ ባለ ሐምራዊ አበባ ቅጠል ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም። (ሳይንሳዊ ስሙ ግን የተሰየመው በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር ስም ነው፤ እሱም ቢሆን ኑሮውን ሀገራችን አድርጎ ዐድዋ ነው የሞተው።)

አንድ ቀን አንዲት እናት አንድ ማዳበሪያ ጦስኝ አመጡ። በማጭድ ከላይ ከላይ የታጨደ፣ ቅጠልና አበባ ብቻ። ሚዛን ላይ ሲወጣ ቀለለ። ከኋላቸው የቆመው ጎረምሳ ያመጣው ደግሞ ያንኑ ያህል ሆኖ እጥፍ መዘነ። «እናቴ፣ የሱን አያዩም? እርስዎም ከበድ አድርገው ያምጡ እንጂ» አልኳቸው። እንደ ቀልድ ነበር።

በወሩ የመጣው ሁሉ ከባድ ሆነ። ደስ ብሎኝ አስጫንኩ። አዲስ አበባ የጠሩኝ ለቃሚዎቹ ሴቶች ናቸው። ወለሉ ላይ እንደ ሽቦ የጠነከረ ሥር ተከምሯል፤ በየሥሩ ጥቁር አፈር ደርቆበታል። አንዷ እፍኝ አንስታ መዳፏ ላይ ብታሸው ቅጠሉ ጥቂት፣ ትቢያው ብዙ። ቀደም ብሎ አንድ ደንበኛ ከስኒዬ ሥር አሸዋ አገኘሁ ሲል «ስኒው ይሆናላ» ብለን ነበር ያለፍነው!

ተመልሼ ሄድኩ። ጦስኝ መሬት ለመሬት ተነጥፎ የሚያድግ ነው፤ ከላይ ቢታጨድ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ከነሥሩ ከተነቀለ ግን በምን? አፋፉ ላይ የበሬ ግንባር የሚያካክሉ ራቁት ቦታዎች ተፈጥረዋል።

«ለምን ነቀሉት?» አልኳቸው እኚያን እናት።

«አንተው አይደለህ ከበድ ያለ ያልከኝ? ጦስኝ መች ይከብዳል ልጄ፣ አፈሩ ነው እንጂ።»

አለቃዬን ለማሳመን ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ የምንከፍለው ጥላ ሥር ደርቆ ለተራገፈ ቅጠል ብቻ ሆነ (ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሽታው ይበናል)። የኪሎው ዋጋ ሲወደድ ሒሳብ ክፍል ያልጠራኝ ስም የለም።

እኚያ እናት በአዲሱ ዋጋ መጀመሪያ የመጡት አንዲት ፌስታል ይዘው ነው። ሚዛኑ ላይ አስቀመጡና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ዛሬም ቀለለ ብለህ እንዳትመልሰኝ።»