ከአያት እስከ ከዚራ

ባለፈው ወር አክስቴን ይዤ ድሬዳዋ ሄድኩ። በባቡር። እትዬ ተወልዳ ያደገችው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ነው፤ ካገባች ወዲህ ግን ኑሮዋ አዲስ አበባ፣ አያት ነው። "አንቺ" የምላት ንቄያት አይደለም፤ የድሬ ልጅ አንቱታ አይወድም። "እርስዎ" ብዬ ከጀመርኩ ፊቷን ታዞርብኛለች።

ባቡሩ የሚነሳው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነበር። ፍተሻ ስላለ ቀደም ብሎ መድረስ የግድ ነው። አያት ደግሞ የከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ነው። ደጃችን ላይ ቀላል ባቡር አለ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው። ሀዲዱ ግን ለቡ አይደርስም። ስለዚህ ሜክሲኮ ወርደን ታክሲ መያዝ፣ መንገድ ላይ ሌላ ታክሲ መቀየር፣ ከዚያ የቀረውን መንገድ ዕቃ ተሸክሞ መሄድ ሊመጣብን ነው።

እትዬ ለእህቷ የያዘችው ዘንቢል ደግሞ ቀላል አይደለም። ሽሮ አለ፣ በርበሬ አለ፣ በላስቲክ ባልዲ ውስጥ ቅቤ አለ። የባልዲውን ክዳን በጨርቅ ጠቅልላ በሲባጎ ሁለት ዙር አስራዋለች፤ ቋጠሮው ደህና መሆኑን በየአስር ደቂቃው በጣቷ ትነካካለች። ይህን ተሸክሞ ሦስት ጊዜ መውጣትና መውረድ አይታሰብም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን ኮንትራት ያዝን። ለኮንትራቱ የከፈልነው ከአንዳችን የድሬዳዋ ትኬት ብዙም አይተናነስም።

ከተሳፈርን በኋላ ያለው ግን ደስ ይላል። ከምሬ ነው። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው። ቢሾፍቱን፣ ሞጆን አልፈን አዳማ ደረስን። እትዬ በመስኮት አየችና "ከተማው የታለ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው።

የድሮው ባቡር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሀዲድ መጨረሻው ለገሃር ነበር፤ ስሙ ራሱ ፈረንሳዮቹ "ላ ጋር" የሚሉት፣ ጣቢያ ማለት ነው። መሀል ከተማ ነበር የሚያወርድህ። ድሬዳዋ ደግሞ ጭራሽ ባቡሩ የወለዳት ከተማ ናት። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላስቸገረ ከታች ሜዳው ላይ ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማዋ እዚያው ተቆረቆረች። ጣቢያው ከዚራ ነው። እትዬ ልጅ ሆና የባቡሩን ጥሩምባ ስትሰማ እየሮጠች አባቷን ትቀበል ነበር።

አዲሱ መስመር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው። የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ስለሚያልፍ፣ መስመሩ ሲታሰብ ጭነት ትልቁን ቦታ መያዙ ይገባኛል። ለረጅም የጭነት ባቡር ከከተማ ወጣ ያለ ሰፊ ቦታ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። ኮንቴይነር ግን ዘንቢል አይሸከምም፣ ታክሲም አይፈልግም። ሰው ግን ይሸከማል፣ ታክሲም ይፈልጋል።

መተሐራ ላይ ፈንታሌ ተራራን አየን። አዋሽን ስናልፍ እትዬ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እጇ ግን ባልዲው ላይ ነበር።

ድሬ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐዩን የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲሱ ጣቢያ እዚህም ከከተማው ውጪ ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ውጪ የጠበቁን ባጃጆችና ጥቂት ሚኒባሶች ነበሩ። አንድም የከተማ አውቶቡስ አላየሁም። እትዬ ዘንቢሏን መሬት ላይ አድርጋ ጥላ ፈለገች፤ የአጥሩን ጥላ አገኘች። አጠገባችን ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች፣ ሐረር ነው የምትሄደው። ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሷ ግን መጀመሪያ በባጃጅ ከተማ መግባት፣ ከዚያ የሐረር መኪና መፈለግ አለባት። ባለባጃጁ የጠራላትን ዋጋ ሰምታ ዝም አለች። ከእኛ ጋር አሳፈርናት።

እኔን የሚቆጨኝ ይህ ለማቀድ በጣም ቀላል ነገር መሆኑ ነው። ታክሲ ተራ ላይ ነገ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ማንም አያውቅም። እዚህ ግን ትኬት ሲሸጥ ስንት ሰው እንደሚመጣ ይታወቃል፣ የት እንደሚወርድ ይታወቃል፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርስም ይታወቃል። ሁለት አውቶቡስ በዚያ ሰዓት ቢቆሙ፣ አንዱ ከተማ፣ አንዱ በቀጥታ ሐረር፣ ባቡሩ ቢዘገይም የሚጠብቁ፣ ክፍያቸውም ትኬቱ ላይ የተጨመረ ቢሆን አዲስ ሀዲድ መዘርጋት አያስፈልግም። ለቡም እንደዚሁ፤ ማለዳ ከመገናኛና ከሜክሲኮ የሚነሳ አንድ አውቶቡስ ቢኖር ስንት ሰው ከኮንትራት ይድን ነበር። ግን ባቡሩን የሚመራው ሌላ ነው፣ የከተማውን አውቶቡስ የሚመራው ሌላ፣ ሐረር ደግሞ ሌላ ክልል። እነዚህ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ባልዲ የያዘች አንዲት እናት ከበሯ እስከ በሯ እንዴት እንደምትሄድ አንድ ቀን ቢያወሩ ደስ ይለኛል።

ባለባጃጁ ልጅ እግር ነው። እትዬን "አንቺ፣ የት ላውርድሽ?" አላት፤ ፊቷ በራ። ሴትዮዋን ሐረር መኪና ጋ አድርሰን ወደ ከዚራ ዞርን።

"አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጋ አውርደኝ" አለችው።

እዚያ ወርደን ዘንቢሉን እኔ ያዝኩ፣ ባልዲውን እሷ። በዛፎቹ ጥላ ሥር አዘገምን። ከጣቢያው በር እስከ እህቷ ቤት በእግር ስድስት ደቂቃ ፈጀብን።