የእማዬ ሳሙና

በፈረንጆቹ 2012 ነው። ለንደን የጽዳት ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ፣ አብራኝ የምትሠራ ልጅ «ባርቢካን የሥነ ጥበብ ማዕከል በነፃ የሚታይ ነገር አለ፣ ነይ እንግባ» አለችኝ። የገባሁት ብርዱን ሽሽት ነው። እውነቱን ለመናገር ሥነ ጥበብ የሚባል ነገር አይገባኝም።

የተጨመቀ የጥርስ ሳሙና ቱቦ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ክዳን፣ ያረጀ ጫማ፣ ባልዲ። በየዓይነቱ ወለል ላይ ተደርድሯል። ከ10,000 በላይ ዕቃ ነው። የእንጨት ቤት አፅም ሳይቀር መሐሉ ቆሟል። ሠሪው ሶንግ ዶንግ የሚባል ቻይናዊ ሲሆን፣ ዕቃው እናቱ ቤጂንግ ውስጥ ሳይጥሉ ያጠራቀሙት ነው። በ2002 ባላቸው ሲሞቱማ ባሰባቸው። ልጅየው ሐዘኑ እንዲቀላቸው ብሎ ዕቃውን አብረው አወጡት፤ በ2005 እዚያው ቤጂንግ ለሕዝብ አሳዩት።

«ይሄማ የኛ ቤት ነው» አልኩ በአማርኛ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ።

ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ ያለው ቤታችን እንዲህ ነበር። የኒዶ ጣሳ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ታጥቦ የተሰጣ ፌስታል። አንድ ቀን ቆራሌው ሲያልፍ ሁለት ጣሳ ሸጥኩባት። እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች እስከ ፒያሳ ተከተለችው። ይዛ ተመለሰች። ሳምንት አኮረፈችኝ።

የቻይናዊው እናት ሳሙናም አስቀምጠዋል። በራሽን የሚሰጥበት ጊዜ የተቆጠበ ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የእማዬም አልጋ ሥር አንድ ካርቶን አለ። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ የወጣ ሳሙና ነው። እኔ ስንት ጊዜ «ጣይው» ብያታለሁ!

ማታ ደወልኩላት። ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችና «አቧራውን ማን ይጠርግላቸዋል?» አለች። ሌላ አላስጨነቃትም።

ከዓመታት በኋላ ደሴ ሄድኩ። ጦሳ ተራራ እንደልማዱ ጉም ለብሷል። አልጋ ሥር ጎንበስ አልኩ፤ ካርቶኑ ቦታው ላይ ነው። ለንደን ተመልሼ ሻንጣዬን ስፈታ፣ በሶና በርበሬው መሐል በፌስታል የተጠቀለለ ድንጋይ የመሰለ ነገር አገኘሁ። መታጠቢያ ቤቴ መስታወት ሥር አስቀመጥኩት።

በቀደም ስንደዋወል «ሳሙናው አላለቀም?» አለችኝ።

«ገና ነው፣ እማ» አልኳት።