ከሐምቡርግ እስከ ሉቤክ፤ የከተማ ሥልጣን ፍለጋ

የማዕከላዊ መንግሥታት ተሰሚነት እየተሸረሸረ ሲሄድ ሥልጣኑን ማን ይወርሰዋል ለሚለው ጥያቄ ብዙዎች «ከተሞች» ብለው ይመልሳሉ። እኔም ይህንኑ መልስ በልቤ ይዤ ነበር ወደ ሰሜን ጀርመን የተጓዝኩት።

ሐምቡርግ ከተማም ክልልም ናት፤ ቡንደስራት በሚባለው የክልሎች ምክር ቤት 3 ድምፅ አላት። ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባካሄዱት ሕዝበ ውሳኔ፣ የኤሌክትሪክና የጋዝ መስመሮቹ ተመልሰው የከተማዋ ንብረት እንዲሆኑ በጠባብ ልዩነት ወስነዋል። እኔን የሳበኝ ግን ማክስ ብራወር አሌ የተባለው ጎዳና ነው። ከተማዋ በ2018 አሮጌ የናፍጣ መኪኖችን ያገደችው በዚህ መንገድ 580 ሜትር ገደማ በሚሆን ክፍል ላይ ነበር። ከዳር እስከ ዳር በእግሬ ለመጨረስ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ለዚህች አጭር መንገድ የብክለቱን ጣሪያ የወሰነው የአውሮፓ ኅብረት ነው፤ ከተሞች እገዳ መጣል እንደሚችሉ በዚያው ዓመት የካቲት ወር የፈረደው ደግሞ ላይፕዚግ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። የታገዱት መኪኖችም በአጎራባች ጎዳናዎች ዞረው ማለፍ ይችሉ ነበር። ሥልጣኑ ከላይ ወርዶ በከንቲባው እጅ ገባ ከማለት ይልቅ በብዙ እጆች ተበተነ ማለቱ ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል።

ሉቤክ በባቡር ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ናት። ሆልስተንቶር የሚባለው የጡብ በሯ፣ መንትያ ማማዎቹ ከክብደታቸው የተነሣ ወደ ረግረጉ አፈር ሰጥመው ዘመም ብለው ቆመዋል። ሐንሳ የተባለው፣ የመካከለኛው ዘመን የሰሜን አውሮፓ የንግድ ከተሞች ማኅበር ተወካዮች ለዘመናት የተሰበሰቡት እዚህች ከተማ ውስጥ ነው። ማኅበሩ በ1370 የዴንማርክን ንጉሥ አሸንፎ ውል አስፈርሟል፤ ሆኖም ቋሚ ጦርም ሆነ የጋራ ግምጃ ቤት አልነበረውም። የጉባኤው ውሳኔ ሥራ ላይ የሚውለውም እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ምክር ቤት ሲቀበለው ነበር። የዛሬዎቹ የከንቲባዎች ጥምረቶች ከዚህ ብዙም አይርቁም፤ አባል ከተማ ቃሉን ቢያጥፍ የሚያስገድደው የለም።

ነጻነቱ የማን ነበር የሚለውም ሊጠየቅ ይገባል። በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር የሆኑ ሁለት መዝጊያዎች ያሉት የአዳራሽ በር አየሁ። አስጎብኚያችን እንደነገሩን ነጻ የተባለ ተከሳሽ በረጅሙ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የተፈረደበት ግን በአጭሩ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ፈራጆቹ የምክር ቤቱ አባላት ነበሩ፤ ምክር ቤቱን የያዙት ደግሞ ባለጠጋ የነጋዴ ቤተሰቦች ነበሩ፤ የእጅ ባለሙያ ወንበር አልነበረውም። በ1408 በግብርና በዕዳ የተማረረው ሕዝብ የቀድሞውን ምክር ቤት ከሥልጣን አወረደው፤ በ1416 ግን ያው ምክር ቤት ተመለሰ። ንጉሥ ከሩቅ ሲገዛ የከተማው ድኻ ነጻ ይወጣል የሚለው እምነቴ በዚያ በር ፊት ተናጋ።

ከ1226 ጀምሮ ራሷን ያስተዳደረችው ሉቤክ፣ በ1937 የናዚ መንግሥት ባወጣው አንድ ሕግ ተጠቅልላ የጀርመን ትልቁ ክልል ወደነበረው ፕሩሺያ ተቀላቀለች። ከጦርነቱ በኋላ የቀድሞ ሥልጣኗን ለማስመለስ የተደረገውን ሙከራ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1956 ውድቅ አደረገው። ወደ ጣቢያው ስመለስ በመንገዱ ዳር የቆሙትን መኪኖች ሰሌዳ አስተዋልኩ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል «ኤች ኤል» ይላሉ፤ «ሐንሳዊቷ ከተማ ሉቤክ» ለማለት ነው።