ጭስ ማውጫው አልተደፈነም

ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ ባለ አንድ ዳቦ ቤት፣ ዓመታት ደህና ሲሠራ የኖረ የእንጨት ፉርኖ ጭሱን ወደ ጋጋሪዎቹ ፊት መመለስ ጀመረ። በተለይ ሌሊት፣ እሳቱ ገና ሲያያዝ።

መጀመሪያ የተወቀሰው እንጨቱ ነው። ደረቅ እንጨት ጫፉ የተሰነጣጠቀ፣ እርስ በርሱ ሲጋጭም ጥርት ብሎ የሚጮህ ነው፤ የተገዛው ግራር እንደዚያ ነበር። ጭሱ ግን ያው። ከዚያ ቱቦው ተጠረገ። ጥላሸቱ 3 ሚሊ ሜትር ደርሶ ቢሆን ኖሮ መጥረጉ አስፈላጊ ነበር፤ የወረደው ግን ስስ አቧራ ነው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ጎረቤት የጨመረው ፎቅ ሆነ፤ ነፋሱን ወደ ጭስ ማውጫው ይመልሳል ተብሎ። ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ የጭስ ማውጫ ጫፍ ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ 2 ሜትር የላሜራ ቱቦ ተቀጠለ። ጭሱ ነፋስ በሌለበት ሌሊትም እንደሚመለስ ግን ማንም ልብ አላለም። ይባስ ብሎ በያጁ የላይኛውን ቱቦ በታችኛው ላይ እንደ ቆብ አጠለቀው። የላይኛው ወደ ታችኛው ውስጥ መግባት ነበረበት፤ አለዚያ ቱቦው ውስጥ የሚቀዘቅዘው ጥቁር ፈሳሽ በመጋጠሚያው እየሾለከ ግድግዳ ያበላሻል። አበላሸም።

ነገሩን የፈታው በሩ ነው። ዳቦ የሚያወጣው ልጅ በሩን በከፈተ ቁጥር ጭሱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሲዘጋው ይመለሳል። አየር የተጠማ ቤት ምልክቱ ይኸው ነው። ለማረጋገጥ ዕጣን በቂ ነው፦ ፉርኖው ቀዝቃዛ ሳለ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ዕጣኑ አፉ ላይ ይጨሳል፣ ከዚያ በተቃራኒው ግድግዳ ያለው ማራገቢያ ይከፈታል። እዚህ ቤት የዕጣኑ ጭስ ከፉርኖው አፍ ወደ ክፍሉ ተጎተተ። ማራገቢያው ለሙቀቱ ተብሎ በቅርቡ የተገጠመ ነው፤ አየር ያወጣል እንጂ አያስገባም። ቤቱ ደግሞ የጎደለውን ከየትም ይተካል፤ የቀረው ቀዳዳ ጭስ ማውጫው ነው።

5 ሜትር ቱቦ ውስጥ ያለው ጭስ 150 ዲግሪ፣ ውጭው 35 ዲግሪ ሲሆን በድሬዳዋ ከፍታ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ወደ 13 ፓስካል (የግፊት መለኪያ) ነው። ቱቦው ሲቀዘቅዝ ከዚህ ጥቂቱም አይኖርም። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚዞር ትልቅ ማራገቢያ ይህን በቀላሉ ይረታል።

አሳሳቢው ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ብቻ አልነበረም። ሌሊት ጋጋሪዎቹ ራሳቸውን ሲያማቸው «አቦ፣ ሐራራ ነው» ይባባሉ ነበር። ሊሆን ይችላል፤ ግን በተዘጋ ክፍል ጭስ ሲመለስ አብሮት የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ምልክቱም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። ብዙዎችን በአንድ ጊዜ ካመማቸውና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ በቶሎ ሁሉም ይውጡ፣ ሐኪምም ይያቸው።

መፍትሔው ከቱቦው ቅጥያ ረክሶ ተገኘ። የማራገቢያው ቀዳዳ 40 በ40 ነው፤ ከፉርኖው አጠገብ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ 50 በ40 ሴንቲ ሜትር የአየር መግቢያ ተበሳ። ከማራገቢያው ቀዳዳ የሰፋው ለአይጥ ተብሎ የሚለጠፈው ወንፊት ሽቦ አየሩን ስለሚቀንስ ነው። እሳት ሲያያዝ ማራገቢያው ይጠፋል፤ መጀመሪያ የተጠቀለለ ካርቶን ቱቦው አንገት ላይ ነዶ ቱቦውን ያሞቃል፣ እንጨቱ ከዚያ ይከተላል። ማራገቢያው የሚከፈተው ነበልባሉ ሲጠራ ነው።

የተቀጠለው ቱቦ አልተነሣም፤ መጋጠሚያው ብቻ ተገልብጦ ተሠራ። ከጣሪያ በላይ ከ1.5 ሜትር በላይ ስለቆመ በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ተወጠረ።